የጥቁሩ ድንጋይ ሰባት ቤት

እኔ ቃሲም ሽማግሌ የሆንኩት ባጃጅ ስላለኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። ጢሜ ገና አንድም ነጭ አላወጣም፣ በሰው ነገር መግባትም አልወድም። ሥራዬ ከሚሴ መናኸሪያ በር ላይ ተሳፋሪ እየጠበቅሁ መነጫነጭ ነው። ጓደኛዬ ኢርፋን ሚስት ሊያስጠይቅ ሲነሳ ግን የሚልከው ሰው አጣ። አባት የለው፣ አጎት የለው፣ ወንድም የለው። "አንተ ቢያንስ መሄጃ አለህ" አለኝ። በዚሁ ሽማግሌ ሆንኩ።

ኢርፋን ጂኦሎጂስት ነው። ውሃ የሚቆፍሩ ሰዎች ማሽናቸውን ከመትከላቸው በፊት እሱ ቀድሞ ይሄድና አለቱን አይቶ፣ ቀጥቅጦ፣ አንዳንዴም ልሶ "እዚህ ቆፍሩ" ይላቸዋል። ድንጋይ ሲልስ ያየሁት ዕለት ጓደኝነታችንን ላቋርጥ አስቤ ነበር።

ያሳደገችው እትዬ ዘሊካ ናት። ባቲ ገበያ በርበሬ ትሸጥ ነበር። አንድ ሰኞ ገበያው ሲበተን ከጨው ጆንያዎቹ መሃል ቆሞ የሚያለቅስ፣ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንድ ልጅ አገኘች። የማን ነው ብትል የሚመልስላት ጠፋ። ከዚያ በኋላ ፈላጊ ቢመጣ ብላ ሰኞ ሰኞ ልጁን ይዛ እዚያው ቦታ ትቀመጥ ነበር። ማንም አልመጣም። ኢርፋን ይህን ሲያወራ ድምፁ አይለወጥም፤ የምናደደው እኔ ነኝ። ሰው እንዴት ልጁን ገበያ ረስቶ ቤቱ ይገባል?

የወደዳት ልጅ ሩመይሳ ከሚሴ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ቤተሰቦቿ የሚኖሩት ወደ ጨፋ ሮቢት ሲወርዱ፣ ከሜዳው ዳር፣ ተራራው ግርጌ ላይ በተለጠፈች መንደር ነው። መንደሯ ዳጋ ጉራቻ ትባላለች፤ በኦሮምኛ ጥቁር ድንጋይ ማለት ነው። አባቷ ሀጂ ሙሀመድኑር ደግ ሰው ናቸው፤ ችግራቸው ሁለት ፈላጊ መጥቶባቸዋል። አንደኛው የእኛ ድንጋይ ላሽ ነው። ሁለተኛው አይሱዙ መኪና ያለው የባቲ ነጋዴ ልጅ ነው። ሩመይሳ ኢርፋንን እንደምትፈልግ በአደባባይ ተናግራለች። ሀጂ ደግሞ "ረመዳን ሳይገባ ለአንዱ እሰጣታለሁ፤ ግን ሰባት ቤት የማይቆጥር ሰው ደጃፌን አይረግጥም" ብለዋል።

ዳጋ ጉራቻ ውስጥ ከጋብቻ በፊት ሁለቱም ወገን ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ እስከ ሰባት አባት ድረስ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። የሚያስቆጥሩት አያ አብዶ ናቸው፣ የሀጂ የአጎት ልጅ። የራሳቸውን ዘር ሲቆጥሩ ሰባት ላይ መቆም አይሆንላቸውም። አንዴ ከጀመሩ ከብቱም ውሃ ሳይጠጣ ይመሻል።

ከሚሴ መስጊድ የማውቃቸውን ሼህ ሙጂብን ለክብር ለምኜ ይዤ ሄድኩ። ኢርፋን እንደ ወጉ ውጭ ባጃጁ ውስጥ ቀረ። ገባን፣ ተመረቅን፣ ጫቱም ቀረበ። አያ አብዶ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "በሉ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው። የልጁን ቁጠሩልን" አሉ።

"ኢርፋን" አልኩ።

"ኢርፋን ማን?"

"ኢርፋን አብደላ።"

"አብደላ ማን?"

አብደላ የሚባል ሰው ኖሮ አያውቅም። እትዬ ዘሊካ ትምህርት ቤት ስታስመዘግበው ያወጣችው ስም ነው። "የአላህ ባሪያ ማለት ነው" አልኩ፤ ላቤ እየወረደ።

"እሱማ ሁላችንም ነን። የነማን ልጅ ነው? አባንሳ ኤኙ? አባቱ ማነው?"

እውነቱን ነገርኳቸው። ማንም አልተቆጣም፤ ይሄ ነው የሚያናድደው። ሀጂ አዘኑ። አያ አብዶም አዘኑ፤ ነገሩን ግን እንዲህ አስረዱኝ፦ "ቃሲም ልጄ፣ ልጁን ንቀን አይደለም። ዘሩ የታወቀ ሰው የማን ዘመድ እንዳልሆነ ይታወቃል። ዘሩ ያልታወቀ ግን የሁሉም ዘመድ ሊሆን ይችላል። ወንድሟ ቢሆንስ?" ሼህ ሙጂብ ሳቃቸውን ለመደበቅ ጫታቸው ላይ አቀረቀሩ።

ሊሸኙን ሁሉም ተከትለውን ወጡ። ከሀጂ ቤት ጀርባ ጎርፍ የቆረጠው ትልቅ ገደል አለ፤ ኢርፋን ከባጃጁ ወርዶ እዚያ ሥር ቆሞ ነበር። ፊቴን አይቶ ሁሉ ነገር ገባው። ይህ ሰው በቁጣ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን መዶሻውን ገደሉ ላይ አጮኸው።

"እኔን ሰባት አባት ትጠይቁኛላችሁ! ይሄን ገደል ዕድሜ ልካችሁን ስታዩት እሱን ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? የእኔን አላውቅም። የእሱን ግን ሰባቱንም እቆጥራለሁ!"

ለሌላ ሰው ቢሆን ይህ የተናደደ ሰው ንግግር ነው። አያ አብዶ ግን "እቆጥራለሁ" የሚለውን ቃል ሰምተው ማለፍ አይችሉም። ምርኩዛቸውን ተክለው ተደገፉና "ቁጠር" አሉት።

ኢርፋንም ጀመረ። "ከታች ነው የሚጀመረው። ድሮ ይሄ ሁሉ ረባዳ ነበር። መሬቱ ቀስ እያለ ይሰምጣል፤ ጎርፍ ከደጋው ደለል እያመጣ ይሞላዋል፤ ሐይቅ ይተኛበታል። ከዚያ መሬቱ ተሰነጠቀ። እሳቱ የመጣው ከተራራ ጫፍ አይደለም፤ ከዚያ ረጅም ስንጥቅ የቀለጠ አለት ገንፍሎ እንደ ወንዝ ፈሰሰና ሐይቁ ውስጥ ገባ። የመጀመሪያው ይሄ ነው። ውሃ ሲያገኘው ተድበልብሎ ቀረ።"

እውነትም ከታች ያለው ድንጋይ የተደራረበ ትራስ ይመስላል። እኔ ተሳፋሪ ይዤ እየመጣሁ ስንት ጊዜ ጥላው ሥር ተኝቼ አላየሁትም።

"ሁለተኛው?" አሉ አያ አብዶ።

"ሁለተኛው እስኪመጣ ብዙ ዘመን አለፈ። መሬቱ መስመጡን አልተወም፣ ጎርፉም ደለል ማምጣቱን። ዛፍም በቀለበት። ሁለተኛው ሲፈስበት አፈሩን እንደ ሸክላ አበሰለው። ይሄ ቀይ መስመር እሱ ነው። በየድንጋዩ መሃል አለ።"

"ሦስተኛውስ?"

"ሦስተኛው ትንፋሽ የበዛበት ነው፤ ገላው ሁሉ ቀዳዳ። አራተኛው ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ፣ እንደ ምሰሶ የቆመ።"

"ረጋ ያለ ሰው ነበር ማለት ነው" አሉ አያ አብዶ።

"አምስተኛው ቀጭን ነው። ብዙም ሳይሄድ ቆመ።"

"ኢና ሊላሂ!" አሉ ሀጂ ሙሀመድኑር፣ ሰው እንደሞተ ሁሉ፣ ሳያስቡት። ሼህ ሙጂብ ዞር ብለው ገላመጧቸው።

"ስድስተኛው ከሁሉም ወፍራሙ ነው። ሰባተኛው ያ ከላይ ያለው።"

"ሰባት ሞላ!" አያ አብዶ ምርኩዛቸውን ወደ ሰማይ አነሱ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "የድንጋዩን መልክ ተመልከቱ፤ አንዱ ቀዳዳ፣ አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ ትራስ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር! በሉ ሀጂ፣ ልጁ ቆጥሯል።"

"የድንጋዩን ነው እኮ የቆጠረው" አሉ ሀጂ።

"የሰው ዘር ሰው ይቆጥራል? እኔ የአንተን ጎረቤት ዘር እቆጥራለሁ? ዘር የሚቆጥረው የዘሩ ልጅ ብቻ ነው። ይሄ ልጅ ዘመዱ ባይሆን ከየት አወቀው?"

"ዩኒቨርሲቲ ነው የተማርኩት" አለ ኢርፋን።

"እኔም ከአባቴ ነው የተማርኩት። ይዞት የሚወለድ የለም።"

በዳጋ ጉራቻ ሕግ ይህን ክርክር የሚረታ ሰው አልተገኘም። ሁሉም ወደ ሼህ ሙጂብ ዞረ። ሼህ "አስተግፊሩላህ" ብለው ጀመሩ። "ድንጋይ አባት አይሆንም፤ እንዲህ ያለውን ነገር አፋችሁም ላይ አታምጡት። ግን ዘሩ ላልታወቀ ሰው ዋስ መጠየቅ ያለ ነገር ነው። የዋስ ቁምነገሩ አለመሸሹ ነው። ድንጋይ ደግሞ..." አሉና ገደሉን አዩት። ገደሉ አልሸሸም። ነገሩ በዚህ ተቋጨ፤ ሼህ ዋስ አሉ፣ መንደሩ አባት ሰማ።

ደስታችን ሳምንት አልሞላም። አያ አብዶ ከሚሴ ድረስ መጥተው ባጃጄ ውስጥ ዘው አሉ። ፊታቸው ገርጥቷል፣ እንቅልፍ ካዩ ቆይተዋል።

"ጉድ ሆነናል ቃሲም። የሀጂ ቤት ግንብ!"

"ፈረሰ?"

"ቢፈርስ ይሻል ነበር። ድንጋዩ ከዚያ ገደል የወጣ ነው! የሀጂ አባት ናቸው ፈንቅለው ያወጡት። ሩመይሳ የተወለደችው፣ ያደገችው እዚያ ግንብ ውስጥ ነው። ልጁ የገደሉ፣ ልጅቷ የግንቡ። አንድ ናቸው። ዘመድ ናቸው!"

ሰውየው የምራቸውን ነበር። ራሳቸው ያስማሙትን ጋብቻ ራሳቸው ማፍረሳቸው አንጀታቸውን በልቶታል። ሀጂም ተስማምተዋል፤ የባቲው ባለ አይሱዙ ሽማግሌዎቹን መልሶ ልኳል። እኔ በንዴት የማደርገውን አጥቼ ቀጥታ ፋርማሲው ሄድኩ።

ሩመይሳ ለአንዲት ሴትዮ የሳል መድኃኒት እያስረዳች ነበር። ሴትዮዋ እስክትወጣ ጠበቅኩና ነገርኳት። ግንባሯን ቋጠረችና ከመደርደሪያው ሁለት ነጫጭ ክኒኖች አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠች።

"ይሄ ለራስ ምታት ነው፣ ያኛው ለወስፋት። ሁለቱም ነጭ ስለሆኑ አንድ መድኃኒት ናቸው?"

"አይደሉም።"

"እንግዲያው ለዚያ ጓደኛህ ንገረው። ድንጋዩን እንዳለፈው ጊዜ በቁጣ ሳይሆን አስተውሎ ይየው። ካልሆነ ግንቡን እኔው አፈርሰዋለሁ፣ ቤት አልባ ሆኜ አገባለሁ" አለችና ቀጣዩን ደንበኛ ጠራች።

ቅዳሜ ኢርፋን አጉሊ መነጽሩን ይዞ የሀጂ ግንብ ላይ ዓይኑን ተከለ። መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ከኋላው ቆመ። ሩመይሳም እናቷ አጠገብ ቆማለች። ሕፃን ሲታመም እንደሚደረገው ሁሉ ሰው ድምፁን ቀንሶ ያወራል። እኔ ጆሮው ሥር "ከደሴ የመጣ ድንጋይ ነው በልና ገላግለን" አልኩት። ኢርፋን መነጽሩን አወረደ። "ድንጋይ ላይ አልዋሽም" አለኝ፤ ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ከስድስተኛው ነው" አለ።

ሀጂ ራሳቸውን ያዙ። አያ አብዶ መሬት ላይ ተቀመጡ። የኢርፋን የቅርብ ዋሱ ከላይ ያለው ሰባተኛው፣ የሩመይሳ ግንብ ስድስተኛው፤ በመሃል አንድ ቤት ብቻ። እኔ በበኩሌ የባለ አይሱዙውን ሠርግ እያሰብኩ ጥርሴን ነከስኩ።

"ኢርፋን" አለች ሩመይሳ፣ ሰው ሁሉ እያየ። "በስድስተኛውና በሰባተኛው መሃል ያለው ቀይ አፈርስ? እስኪከማች ስንት ዘመን ፈጀ?"

ኢርፋን ወደ ገደሉ ሮጠ፤ እኛም ተከተልነው። ቀዩ መስመር አንድ ክንድ ያህል ይወፍራል። "ሃያ ሺህ ዓመት ሊሆን ይችላል" አለ እያለከለከ። "መቶ ሺህም ሊሆን ይችላል። በጎርፍ ነው የሚመጣው፣ በጥቂት በጥቂቱ።"

አያ አብዶ የሚጸልዩበትን መቁጠሪያ፣ ሙሰበሃቸውን አወጡ። አንዱን ጨሌ አንድ አባት አድርገው፣ ከአፈሩ ግርጌ ጀምረው በጣታቸው እየለኩ መቁጠር ያዙ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጣታቸው ገና ከግርጌው ፈቀቅ ሳይል ቆሙና ዞር አሉ፤ ፊታቸው በርቷል።

"ሰባት ቤት እዚህች ላይ አለቀ! ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ባዕድ ነው! በቁራሽ አፈር ውስጥ ስንት ትውልድ አልፏል፣ ያ ረቢ! ባዕድ ናቸው፣ ይጋቡ!"

ሴቶቹ እልል አሉ። ባዕድ በመባል እንዲህ የተደሰተ ሰው ከኢርፋን ሌላ አላየሁም።

ለኒካሁ ቀን አያ አብዶ አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ፤ የሙሽራው ወገን ባዶ ቦታ መሆን የለበትም። "ዋሶቹ ይምጡ" አሉ። ሰባቱንም ከየንብርብራቸው ፈንቅለን፣ የሰው ጭንቅላት የሚያህሉትን መርጠን ከሚሴ ኢርፋን ቤት አሳደርናቸው፤ ሙሽራ ከወገኖቹ ጋር ነው የሚነሳው ብለው አያ አብዶ ስላዘዙ። በነጋታው ባጃጄ ላይ ጫንኳቸው። ኢርፋንና እትዬ ዘሊካ በጓደኛዬ ባጃጅ ከኋላ ይከተሉኛል። ከከተማው መውጫ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ።

"ምንድነው የጫንከው?"

"የሙሽራው ወገኖች።"

ጎንበስ ብሎ አያቸው። አንዱ ላይ ኮፍያ ደፍተንበታል። ትራፊኩ በጣቱ እየጠቆመ ቆጠራቸው። "ባጃጅ ሦስት ሰው ነው የሚጭነው" አለኝ በመጨረሻ። "እነዚህ ሰባት ናቸው።" የሠርግ ቀን ነው ብዬ ለምኜ አለፍኩ፤ የኋላ ጎማዬ ግን እስከ ዛሬ ያቃስታል።

ሀጂ ቤት ድንኳን ተጥሏል። ሰባቱ ድንጋዮች ምንጣፉ ላይ በዕድሜ ቅደም ተከተል ተቀመጡ፤ አምስተኛውንና አራተኛውን አቀያይሬ ስላስቀመጥኩ አያ አብዶ ተቆጡኝ። ከዚያ እንግዶቹ በየተራ ጎንበስ እያሉ "አካም ጅርቱ" ብለው ሰላምታ ሰጡ። በየፊታቸው ሳህን ተደረገ። ሥጋ አዳዩም ለእያንዳንዳቸው አደለ፤ ለቀጭኑ አምስተኛ ጨመር አደረገለት። የባቲው ባለ አይሱዙ የላካቸው ሽማግሌዎች ተጋብዘው መጥተው ነበር፣ በመሃከላቸው አንድም የሳቀ የለም። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ ይባላል፤ የኢርፋን ወገንም በቦታው ተቀምጧል።

ኒካሁ ሊታሰር አያ አብዶ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ የድንኳኑ መጋረጃ ተገለጠ። እትዬ ዘሊካ ናት። ከሴቶቹ ጋር ከጓዳ በኩል አስቀምጠናት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኔ ረስቻት ነበር። በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ነገር ይዛ ወንዶቹ መሃል ገባች፣ ድንጋዮቹ ፊት ተንበረከከችና ፈታችው። ጭቃ ነው። ከገደሉ ሥር የወጣ እርጥብ ጭቃ።

"አባቶቹን ቆጠራችሁ፣ ደግ አደረጋችሁ" አለች። "እኔም ትናንት ልጄን ጠየቅሁት። እነዚህ ሁሉ እሳት ሆነው ሲመጡ የወደቁት ማን ላይ ነው አልኩት። ረባዳው ላይ ነው እማ፣ ጭቃው ላይ ነው አለኝ። ሁሉንም የተሸከመው ማነው ስለው እሱው ነው አለኝ።"

እሷ ግን አልጨረሰችም።

"ሌላም አለ። ሰኞ ሰኞ ይዤው እቀመጥ እንደነበር ሰምታችኋል። ለአንድ ክረምት ነው የተቀመጥኩት። ከዚያ እማ ብሎ ጠራኝ። በሚቀጥለው ሰኞ ቦታዬን ቀየርኩ። ከገበያው ወዲያኛው ዳር ሄድኩ፣ ሰው እንዳያየው ብዬ። ምናልባት መጥተው ይሆናል። ምናልባት ፈልገውት ይሆናል። ሰባት ቤት ያሳጣሁት እኔ ነኝ።"

ኢርፋንን ማየት ፈራሁ። ሲነሳ አየሁት። ድንጋዮቹን ተሻግሮ ወደ እሷ ሄደና ጭቃውን በሁለት እጁ አነሳው። አዲሱ ነጭ ልብሱ ላይ ተንጠባጠበ። ከሰባቱ ፊት፣ ከታላቁም ከትራሱ በፊት፣ ምንጣፉ ጫፍ ላይ አስቀመጠው።

"ቅደም ተከተሉ ተሳስቷል አያ አብዶ" አለ። ድምፁ ተሰብሯል። "ከሁሉም በፊት የነበረችው እሷ ናት።"

ሼህ ሙጂብ በለሆሳስ "ሁላችንም ከጭቃ ነን" አሉ። ሀጂ ሙሀመድኑር ተነሱና እትዬ ዘሊካን ደግፈው የክብር መቀመጫቸው ላይ አስቀመጧት። ከዚያ ሁሉም አያ አብዶን ተመለከተ። ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን ሲቆጥሩ የሴት ስም አፋቸው ገብቶ አያውቅም። ምርኩዛቸውን ጨበጥ፣ ለቀቅ አደረጉ።

"ኢርፋን" አሉ።

"ኢርፋን ማን?" አልኩ፤ ጠያቂው ራሳቸው ቆጣሪ ስለሆኑ መጠየቁ ለእኔ ደረሰኝ።

"ኢርፋን ዘሊካ።"

ቀጣዩን ጠበቅን። አያ አብዶ፣ በሕይወታቸው አሥራ ሰባት አባት ሳይደርሱ አቁመው የማያውቁት ሰው፣ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አጋደሙና ተቀመጡ።

"ሞልቷል" አሉ። "ኒካሁን እሰሩ።"